ሚዩት ላይ አይደለሁም

እናቴ «በኢየሱስ ስም!» ሳትል የምታልፈው ነገር የለም። ብርጭቆ ከእጄ ሲያመልጥ፣ በር በንፋስ ሲዘጋ፣ ስልክ ሳይታሰብ ሲጮህ፣ እኔ ሀይዌይ ላይ ሌይን ስቀይር ያው አንድ ቃል ነው። አንዳንዴ ሆን ብዬ ፍሬኑን ረገጥ አደርጋለሁ፤ ዳሽቦርዱን ጨብጣ «በኢየሱስ ስም!» ስትል ለመሳቅ። «አንቺ ልጅ፣ ነፍሴን መጫወቻ አደረግሻት እኮ» ትለኛለች። ተቆጥታ አታውቅም። ያ ቃል ከአፏ የጠፋበትን ቀን ነው አሁን የምጽፈው።

የምንኖረው ዳላስ አጠገብ ዩለስ ነው፣ እኔና እሷ፣ ባለ ሁለት መኝታ አፓርትመንት ውስጥ። እኔ ኤርፖርት ዊልቸር እገፋለሁ። የእሷ ሥራ ጸሎት ነው፤ ይህን ስል እየቀለድኩ አይደለም። ሰው ሥራ ሲያጣ፣ ልጅ ሲታመም፣ የኢሚግሬሽን ወረቀት ሲዘገይ መጀመሪያ የሚደወለው ለእሷ ነው። ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያናችን እናቶች ጋር ለእስራኤል ይጸልያሉ። አዳራሹ ውስጥ፣ ከመድረኩ በስተግራ፣ የእስራኤል ባንዲራ ከአሜሪካና ከኢትዮጵያ ባንዲራ ጋር ቆሟል። ለምን እንደቆመ ጠይቄ አላውቅም፤ ማንም የሚጠይቅ የለም።

የእናቴ ጸሎት ግን ከሌሎቹ ይለያል፤ ታናሽ እህቴ እዚያ ናት። አዲስ አበባ ሆቴል ውስጥ ሪሴፕሽን ስትሠራ፣ ዘመዶቹን ሊጠይቅ ከእስራኤል የመጣ ልጅ ወደዳት። ወላጆቹ ከጎንደር የሄዱ ቤተ እስራኤል ናቸው፣ እሱ ግን እዚያው ተወልዶ ነው ያደገው። አማርኛው ያስቃል። እናቴን «እማማ፣ አንቺ ደህና ነው?» ይላታል፤ እሷም «ደህና ነው ልጄ» ትለዋለች፣ እንዳያፍር። ተጋቡና ይዟት ሄደ። ቤታቸው ነታንያ ነው፣ ባሕሩ አጠገብ። እናቴ ለሰው ሁሉ የምታወራው ግን «ልጄ ኢየሩሳሌም ናት» እያለች ነው። «እማዬ፣ ነታንያ ነው እኮ» ስላት «ያው ነው፤ ምን ያጨቃጭቅሻል» ትለኛለች።

እህቴ ማርገዟን የነገረችን ቀን እናቴ ሳሎን መሃል ተንበርክካ አለቀሰች። የመጀመሪያ የልጅ ልጇ ነው። ከዚያ በኋላ ቪዲዮ ላይ ያየነውን ነገር ሁሉ በደስታ ዓይን ነበር ያየነው። እህቴ ሻሽ ማሰር ጀመረች፤ «እይዋት፣ እንዴት ጨዋ ሆነች!» አለች እናቴ። አንድ ቀን ሙሉ ውሃ ሳትቀምስ ጾመች ተባለ፤ «ጸሎት ይዛ ነዋ፣ ተባረኪ!» አለች። ዓርብ ከሰዓት ጀምሮ እስከ ቅዳሜ ስልኳ አይነሳም። «ይሄ ዋይፋይ የሚሉት ቅዳሜ ቅዳሜ ይዘጋል እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። ኤርፖርት ውስጥ የዓለምን ሕዝብ የማየው እኔም፣ «ዳታቸው ያልቅ ይሆናል» ብዬ መለስኩላት። ሁለታችንም ያየነውን አላየንም።

ሶ፣ ቤቢ ሻወር እናድርግላት ያልኩት እኔ ነኝ። እናቴ አልወደደችውም። «ሳይወለድ ልብስ አይገዛም፤ በኛ ጊዜ ነውር ነበር» አለች። «እማዬ፣ ይሄ አሜሪካ ነው» አልኳት። «አሜሪካ ስንቱን አበላሸው!» ብላ ተወችኝ። የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ግን እሳት ናቸው። ፍሪስኮ የምትኖር አንዷ ኬክ አዘዘች፣ ሌላዋ ፊኛ አመጣች፣ ሳምቡሳው በትሪ በትሪ መጣ። እህቴ በትልቁ ስክሪን እንድትገባ ላፕቶፑን ከፕሮጀክተሩ ጋር አገናኘሁ። «ቅዳሜ ማታ፣ በእኛ ሰዓት ከመሸ በኋላ ብቻ ነው የምችለው» ብላኝ ስለነበር ቀኑን ቅዳሜ ከሰዓት አደረግነው። ስለ ስጦታው አልነገርኳትም፤ ሰርፕራይዝ ነዋ!

ስክሪኑ ሲበራ አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ። እህቴ ሶፋ ላይ ተቀምጣ ነበር፣ ሆዷ ከፊቷ ቀድሞ። ባሏ በቀኝዋ ነው፣ አናቱ ላይ ኪፓ፣ ያቺን የአይሁዶች ትንሽ ቆብ፣ አድርጓል። በግራዋ አማቷ ናቸው፣ ከጎንደር የመጡት ትልቋ ሴት፣ ነጭ ሻሽ ያሰሩ። እኔ ላፕቶፑን ወደ ጠረጴዛው አዞርኩና የተከመረውን አሳየኋቸው፤ ካልሲው፣ ብርድ ልብሱ፣ ሴት ትሆናለች ብዬ በግምት የገዛሁት ሮዝ ጫማ። እህቴ ፈገግ ልትል ሞከረች፤ ፊቷ ግን አልታዘዘላትም። አማቷ በመዳፋቸው ዓይናቸውን ሸፈኑ።

«ኧረ ተዉ! ሳይወለድ ልብስ? ኧረ እግዚአብሔር ያውጣን!» አሉ።

ሴቶቹ ሳቁ። እናቴ አልሳቀችም፤ «ነግሬሻለሁ» ብላ ጎኔን በክርኗ መታችኝ።

ይሄኔ ፓስተራችን ማይክሮፎኑን ያዘና «ቅዱሳን፣ እጃችሁን ወደ ስክሪኑ ዘርጉ» አለ። ሁላችንም ዘረጋን። ረጅም ጸሎት ነበር፤ ለማኅፀኗ፣ ለልጁ፣ ለምድሪቱ ሰላም። በመጨረሻ «በኢየሱስ ስም!» ብሎ ሲዘጋ አዳራሹ «አሜን!» ብሎ ጮኸ። ፓስተሩ የእህቴን «አሜን» ጠበቀ። ሁላችንም ጠበቅን። ግድግዳውን በሚያህለው ስክሪን ላይ የእህቴ ከንፈር ግጥም እንዳለ ነው።

«ሚዩት ላይ ናት» አለች ኬኩን ያመጣችው።

«አንሚዩት አድርጊ!» ብሎ ሰው ሁሉ ተንጫጫ። «ከታች በግራ በኩል! ማይኳን ተጫኚያት!»

እናቴ ማይክሮፎኑን ከፓስተሩ እጅ ወሰደች። ደስታዋ ገና ፊቷ ላይ ነበር። «ልጄ፣ ሚዩት ላይ ነሽ አሉ። አሜን በይ እንጂ።»

«ሚዩት ላይ አይደለሁም፣ እማዬ» አለች እህቴ። ድምፅዋ በአዳራሹ ስፒከር ሁሉ ጥርት ብሎ ወጣ። «ይሰማኛል።»

እጄ እንደተዘረጋ አየር ላይ ቀረ። አዳራሹ ውስጥ የሚሰማው የሳምቡሳውን ፎይል የምትጠቀልል የአንዲት ልጅ እጅ ብቻ ነበር፣ እሷም ቆመች። እናቴ አልገባትም። «እና?» አለች። እህቴ አንዴ ባሏን አየች፣ አንዴ አማቷን፣ ከዚያ «እማዬ፣ ለብቻሽ ልነግርሽ ነበር። ጊዩር ጨርሻለሁ። ወደ እነሱ እምነት ገብቻለሁ» አለች።

ፓስተሩ «ኔትወርኩ…» ሲል ሰማሁት። ሊያድነን ፈልጎ ነው፣ እግዜር ይስጠው። እኔ ላፕቶፑን ጥርቅም አድርጌ ዘጋሁት፤ ግድግዳው ሰማያዊ ሆነ። ባንዲራው ከስክሪኑ አጠገብ እንደቆመ ነው። ማንም ሰው ኬኩን አልቆረሰም።

ወደ ቤት ስንመለስ ሀይዌይ ላይ አንድ ትልቅ ትራክ ሳይታሰብ ከፊቴ ገባ። ፍሬን ያዝኩ፣ መኪናው ተወዛወዘ፣ ጎማው ጮኸ። ከጎኔ ምንም አልተሰማም። ዞር ብዬ ሳያት እናቴ ቀበቶዋን ይዛ ፊት ለፊት ታያለች። እንደዚያን ቀን ፈርቼ አላውቅም፤ ትራኩ አይደለም ያስፈራኝ።

ከዚያ በኋላ እናቴ የእህቴን ስልክ ማንሳት አቆመች። እህቴ ትደውላለች፣ እናቴ ስክሪኑን አይታ ስልኩን በፊቱ ትደፋዋለች። ከሐሙስ ጸሎት ግን አልቀረችም። አንድ ሐሙስ ከዚያ ስመልሳት ትዕግስቴ አለቀ።

«እማዬ፣ በየሳምንቱ ለእስራኤል እያለቀስሽ ትጸልያለሽ። እስራኤል የገዛ ልጅሽ ሆና ስትመጣ በር ትዘጊባታለሽ?»

«እኔ የጸለይኩት እስራኤል ጌታን እንድታውቅ ነው» አለችኝ። «የእኔ ልጅ እንድትረሳው አይደለም። በሃያ ዓመቷ ስትጠመቅ ፎጣውን ይዤ የቆምኩት እኔ ነኝ። እርጥብ ፀጉሯን ያደረቅሁት እኔ ነኝ። አንቺ ይሄ አይገባሽም።»

የምመልሰው ነበረኝ፤ ግን ስታለቅስ አይቼ ዋጥኩት።

እህቴን ለብቻዬ አወራታለሁ። መጀመሪያ ላይ ጮህኩባት፤ «ሕዝብ ፊት? ያን ሁሉ ሰው ፊት?» አልኳት። «ማን ሕዝብ ፊት አወጣኝ?» አለችኝ፤ እውነቷን ነው። ከዚያ ነገሩን ከመጀመሪያው ነገረችኝ። በመጀመሪያ ለባሏ ብላ ነበር የገባችው፣ የሚወለደው ልጅ ከነሱ እንዲቆጠር። በኋላ ግን ነገሩ ያዛት። ዓርብ ማታ ስልኩ ሲጠፋ፣ ቤቱ ፀጥ ሲል፣ አማቷ «ሰንበት ሰላም» ብለው ሲገቡ፣ ልጅ ሆነን እናታችን ቤት ውስጥ የሚጮኸውን ሁሉ አጥፍታ ስትጸልይ የነበረው ዝምታ ትዝ ይላታል። «አዲስ አምላክ አላመጣሁም» አለችኝ። «እማዬ ያስተማረችኝ ነው። አንዱን ስም ብቻ ነው መጥራት ያልቻልኩት። ሳላምንበት አሜን ብል በጌታዋ የቀለድኩት ያኔ ነበር።»

ኑሯቸው ቀላል አይደለም። ባሏ ኤሌክትሪሺያን ነው፤ የሮኬት ሳይረን ሲጮህ ከየትም ሆኖ ይደውልላታል፤ እሷ ሆዷን ይዛ ወፍራም ግድግዳ ወዳለው ክፍል ትገባለች። ያንን ክፍል ነው ለልጁ ያሰቡት። ግን ባዶ ነው። አልጋው ተመርጦ ሱቅ ውስጥ ተቀምጧል፤ ልጁ በሰላም ሲወለድ ነው የሚመጣው። ያኛውን የስጦታ ክምር ልላከው ስላት «ሳይወለድ እንዳታደርጊው!» አለችኝ። ስለዚህ ሮዙ ጫማ ከእነካርቶኑ መኪናዬ ትራንክ ውስጥ ተቀመጠ።

አንድ ቀን ግን ድምፅዋ ተለወጠ። ደም ግፊቷ ከፍ ብሏል፣ ሐኪሞቹ አልወደዱትም። «ፈርቻለሁ» አለችኝ በቀጥታ። «እማዬ ሳትመርቀኝ ምጥ ቢይዘኝ የምወልድ አይመስለኝም። ንገሪያት።» ነገርኳት። እናቴ ሳህን እያጠበች ነበር። ውሃውን ዘግታ ቆመች፤ ከዚያ መልሳ ከፈተችው።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነበር። እናቴን ዓይን ሐኪም ወስጃት ተመልሰን፣ ፋርማሲው ፊት ለፊት ፓርክ አድርጌ፣ እሷ የመነጽሯን ማኅደር እየፈለገች ነበር። ስልኬ ጮኸ። ስክሪኑ ላይ የእህቴ ስም ነው። መጀመሪያ «አቤት» ልል ነበር፤ ከዚያ ቀኑ ትዝ አለኝ። ዓርብ ነው። እዚያ መሽቷል፣ ሰንበት ገብቷል። በሰንበት ከእሷ ስልክ ተደውሎ አያውቅም።

እናቴ ፊቴን አየች። «ምንድን ነው?»

«ከነታንያ ነው። በሰንበት ነው የደወሉት፣ እማዬ። ስልክ በማይነኩበት ቀን።»

ስፒከር ላይ አደረግኩት። ባሏ ነው፤ ትንፋሹ ይቆራረጣል፣ አማርኛው ጭራሽ ጠፍቶበታል። «ሆስፒታል ነን… እሷ ደም ግፊት… አሁን ኦፕሬሽን… እሷ እምቢ አለ፣ እናቴን ካልሰማሁ አልገባም አለ…» ከጀርባው ሰው ይጮሃል፣ ጎማ ያለው አልጋ ይንቋቋል። ከዚያ የአማቷ ድምፅ መጣ።

«እመቤቴ፣ እኔ ነኝ። ሰንበትን ሽሬ ነው ያስደወልኩ። በዚህ ዕድሜዬ ሰንበት ስሽር የመጀመሪያዬ ነው። ለነፍስ ነው። ይመርቋት እንጂ፣ ልጅዎ አይደለች!»

እናቴ ስልኩን ከእጄ ወሰደች። «ሰንበታቸውን?» አለችኝ በሹክሹክታ፣ ዓይኗ ፈጦ። «ለኔ ምርቃት ብለው?»

«እማዬ?» አለች እህቴ ከዚያ ማዶ። ድምፅዋ የሕፃን ነበር።

እናቴ ቀጥ ብላ ተቀመጠች። መኪናው ውስጥ፣ ፋርማሲው በር ላይ፣ ጋሪ የሚገፋ ሰው እያለፈ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ መረቀቻት። «የአብርሃም አምላክ፣ የይስሐቅ አምላክ፣ የያዕቆብ አምላክ በሰላም ያገላግልሽ። ማኅፀንሽን ይፍታው። የሐኪሞቹን እጅ ይያዝ። ልጅሽን አቅፈሽ ግቢ። እኔ ምንም ቅያሜ የለኝም፤ ሰምተሻል? ምንም የለኝም።» በየመሃሉ እህቴ «አሜን» ትላለች፣ አማቷ «አሜን» ይላሉ፣ ባሏ እንኳን «አሜን» ይላል። ከዚያ የመዝጊያው ቦታ ደረሰ። እኔ እናቴን አውቃታለሁ፤ ያለዚያ ቃል ጸሎት ዘግታ አታውቅም። ከንፈሯ ተከፈተ። ሲመጣ አየሁት። ያዘችው። ጉሮሮዋ ሲውጠው አየሁ።

«አሜን» አለች ብቻ።

መስመሩ ተዘጋ።

መልሼ ደወልኩ፤ አይነሳም። ያኔ ነው የገባን፤ ሰንበት እስኪወጣ ድረስ ማንም አይደውልልንም። የመጀመሪያው ጥሪ ለነፍስ ነበር፤ የምሥራች ግን ነገ ይደርሳል። ወይም መርዶው። ሆስፒታሉን ፈልጌ ደወልኩ፣ በዕብራይስጥ የሚያወራ ማሽን ብቻ ነው ያገኘሁት። ቤት ገባን። እናቴ እራት አልበላችም። አልጸለየችም ማለት አልችልም፤ ግን ድምፅ አላወጣችም። ቅዳሜ ጠዋት ሥራ ቀርቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ። በየደቂቃው «እዚያ ፀሐይ ገባች?» ትለኛለች። «ገና ነው።» «ይቺ የነሱ ፀሐይ ምን ሆና ነው?» አለችኝ በንዴት፤ እኔም በዚያ ጭንቅ ውስጥ ሳቄ አመለጠኝ።

ከእኩለ ቀን በኋላ ስልኩ ጮኸ። ቪዲዮ ነው። ላነሳው ስቸኩል ሁለቴ ሳትኩት። ስክሪኑ ሲከፈት የታየው የእህቴ ፊት ነው፣ አብጦ፣ ገርጥቶ፣ በሕይወት። ደረቷ ላይ በሆስፒታል ጨርቅ የተጠቀለለች ቀይ ነገር ታለቅሳለች።

«ሴት ናት» አለች እህቴ።

እናቴ ስልኩን ይዛ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። እልል ልትል አስባ ድምፅ አልወጣላትም። ለቅሶ ብቻ ወጣ። አማቷ በጎን ብቅ ብለው «አሁን ልብሱን ላኩት!» አሉ፤ ሁላችንም በእንባችን መሃል ሳቅን።

ሳቁ ሲበርድ እህቴ «እማዬ» አለች። «ትናንት ያልጨረስሽው ነገር አለ። ለኔ ብለሽ ነው፣ አውቄዋለሁ። አሁን ጨርሺው። ያንቺ ነው።»

እናቴ እኔን አየችኝ፣ ከዚያ ስክሪኑን። ከትናንት ጀምሮ አፏ ውስጥ ይዛው የነበረውን ቃል በቀስታ አወጣችው።

«በኢየሱስ ስም።»

ከዚያ ማዶ ምንም አልመጣም። የእህቴ ከንፈር አልተንቀሳቀሰም። ዓይኗን ግን ከእናቴ ላይ አልነቀለችም።

«ሚዩት ላይ ነሽ?» አለች እናቴ።

«አይደለሁም፣ እማዬ። እየሰማሁሽ ነው።»

እናቴ ፊቷን በሻሿ ጫፍ ጠረገች። «ኦኬ» አለች። «ከሰማሽኝ ይበቃኛል።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «አንቺስ? ምን ይገትርሻል? አሜን በይ እንጂ!»

«አሜን» አልኩ።